የአባቴን የመብራት መንገድ ዘንድሮ በባቡርና በእግር ሄድነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የገና ዕለት ጠዋት የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ አንዲት ጎረቤቴ አስቆመችኝና «ትናንት ማታ እናትሽን ይዘሽ መብራት ልታዪ ወጣሽ አሉ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። በክፋት አልነበረም። በሐዘናችን ሰሞን ከቤታችን ያልተለየች፣ እዝን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ ድረስ ስትመላለስ የሰነበተች ሰው ናት። ግን ገርሟታል። እናቴ ጥቁር ለብሳለች፣ ነጠላዋንም እንዳዘቀዘቀች ነው፣ አባቴ ካረፈ ገና ሰባተኛ ወሩን መያዙ ነው። እንዲህ ያለ ቤት የመጀመሪያውን በዓል ዝም ብሎ፣ ዘመድ መጥቶ አብሮት ተቀምጦ ነው የሚያሳልፈው። «አዎ፣ እውነት ነው» አልኳት። እጄ ላይ ዳቦ ነበር፣ ልጆቹም እየጠሩኝ ስለነበር ከዚያ በላይ አላወራንም። ነገሩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሆዴ ሲመላለስ ሰነበተ። ለእሷም፣ እንደ እሷ ለገረማቸውም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘንድሮ በሐዘን ወይም በኪስ ምክንያት ልጆቻቸውን ይዘው ላልወጡ ሰዎች ልጽፍ ተነሳሁ።

አባቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ተቀጥሮ ሳይሆን በግሉ፣ ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ ቴስተሩንና ጥቁር ናስትሮውን በቆዳ ቦርሳ ይዞ ከቤት ቤት፣ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ የሚሠራ። ታኅሣሥ ሲገባ ሥራው ይበዛል። ፒያሳና ቸርችል ጎዳና ላይ የነበሩ ባለሱቆች ለገና መስኮታቸው ላይ የሚሰቅሉትን መብራት እሱ ነበር የሚያያይዝላቸው። የያኔው የገና መብራት እንደ አሁኑ ኤልኢዲ አይደለም። ትንንሾቹ አምፖሎች በአንድ ሽቦ ላይ ተከታትለው፣ እሱ እንደሚለው «በሲሪስ»፣ የተያያዙ ነበሩ። ሃያ አምፖል ካለ 220 ቮልቱን ይካፈሉትና ለእያንዳንዱ 11 ቮልት ይደርሰዋል። ስለዚህ አንዷ ከተቃጠለች መስመሩ ይቋረጥና ሃያውም ይጠፋሉ። የቷ እንደተቃጠለች ደግሞ በዓይን አይለይም።

ያንን መፈለግ የእኛ የልጆቹ ሥራ ነበር። ወለል ላይ እንቀመጣለን፣ አባባ ስፒናውን ይነቅላል፣ እኛ አንዷን አምፖል አውጥተን ደህናዋን እንተካለን፣ እሱ መልሶ ይሰካል። ካልበራ ይነቅልና ወደሚቀጥለው። አንዳንዴ ሦስተኛው ላይ ይገኛል፣ አንዳንዴ አሥራ ስምንተኛው ላይ ደርሰን እናመሻለን። ድንገት ሁሉም ቦግ ሲል፣ ጠፍቶ የቆየ የሰፈር መብራት እንደተለቀቀ ሁሉ፣ «መብራት መጣ!» ብለን እንጮሃለን። ስፒናውን ለእኛ ሰጥቶን አያውቅም። እሱ ብቻ ነው የሚሰካው።

ዋዜማው ማታ ደግሞ የሠራቸውን መብራቶች ሊያሳየን በአሮጌ ቮልሱ ይዞን ይወጣል። እናቴ ከፊት ትንሹን ወንድሜን ታቅፋ፣ እኛ አራታችን ከኋላ ተደራርበን። መዘጋጃ ቤቱ ጋ ይቆምና ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል እስከ ለገሃር ድረስ አስቀድሞ ያሳየናል፤ ከዚያ ላይ ሲታይ የመኪኖቹ መብራት ሁሉ ወንዝ ይመስል ነበር። ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት በትግላችን ሐውልት፣ በብሔራዊ ቴአትር፣ በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ባለው የይሁዳ አንበሳ አድርጎ ወደ ስታዲየምና መስቀል አደባባይ። ከዚያ በሒልተን በኩል ሽቅብ ወደ አራት ኪሎ፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሮ ተመልሶ ፒያሳ። በየሱቁ ፊት ሲደርስ ፍጥነት ይቀንስና «ይቺ የእኔ ናት» ይላል። የጠፋ መስመር ካየ ደግሞ ፊቱ ይለወጣል፣ በዓል ነው ሳይል በነጋታው ጠዋት ቦርሳውን ይዞ ይሄዳል። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ጾሙ ስላልተፈታ የጾም ቦምቦሊኖና ትኩስ ሻይ።

ይህ ነገር አድገንም፣ አግብተንም፣ ወልደንም አልቀረም። ቮልሱ ከተሸጠ በኋላ በእኛ ቪትዝ ሆነ፣ አባቴ ከፊት ተቀምጦ መንገድ መሪ፣ ልጆቼ ከኋላ። ቀኑን ሳይቀር እሱ ነበር የሚያስታውሰን። በ2016 እኔ እንደ ወትሮው ለታኅሣሥ 28 ማታ ስዘጋጅ በስልክ ደወለልኝና «ልጄ፣ ዘንድሮ እኮ ዘመነ ዮሐንስ ነው፣ ገና 28 ይውላል፣ ዋዜማው ነገ ማታ ነው» አለኝ። በአራት ዓመት አንዴ እንዲህ እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ግን እሱ እያለ ማስታወስ የእኔ ሥራ አልነበረም።

እንግዲህ ዘንድሮ። አባቴ ሰኔ ላይ በድንገት አረፈ። ነሐሴ ላይ ባለቤቴ የሚሠራበት ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም አብሮ ተቀነሰ። ጥቅምት ላይ ለቤት ኪራይና ለልጆቹ ትምህርት ቤት ቪትዟን ሸጥናት። ብዙ ሰው ከዚህ የባሰ እንዳለፈ አውቃለሁ፣ አልዘረዝረውም። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ስለ መብራት ማንም ቃል አልተነፈሰም። እኔ እናቴን ፈርቼ፣ ባለቤቴ ኪሱን ፈርቶ፣ እናቴ ሰውን ፈርታ። የስድስት ዓመቱ ልጄ ነው የተናገረው። እራት ላይ «አባባ ስለሌለ ዘንድሮ መብራቱም የለም?» አለ። እኔ መልስ አጣሁ። ባለቤቴ «መኪናችን ስለሌለ ነው» ሊል ጀመረና ተወው።

መልሱን የሰጠችው እናቴ ናት። ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ የሰማች አልመሰለኝም። «እኔን ምክንያት እንዳታደርጉ» አለች። «ሰው ሲሞት አባታችሁ መጀመሪያ የሚያደርገው ምን ነበር?»

ይህን ለጎረቤቴ ደረጃው ላይ ልነግራት ፈልጌ ያልነገርኳት ነው። አባቴ በእድሩ ውስጥ አንድ ሥራ ነበረው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተ ሲባል ጎረምሶቹ ድንኳን ሊተክሉ ሲሮጡ እሱ ሽቦ ጠቅልሎ ይሄዳል። ከቅርቡ ቤት መስመር ይስባል፣ ድንኳኑ ውስጥ አምፖል ይሰቅላል፣ ወጥ የሚሠራበት ጓሮ አንድ፣ መግቢያው ላይ አንድ። ሌሊት የሚያድረው ሰው በጨለማ እንዳይቀመጥ፣ ከሩቅ የሚመጣ ዘመድም ቤቱን እንዳያጣ ነው። ክፍያ ብሎ ነገር የለም። መብራት በሄደ ሌሊት ደግሞ ከባትሪ አያይዞ የሚያበራባትን አንዲት አምፖል ይዞ ይመጣል። ስንት ሐዘንተኛ ቤት እንዲህ እንዳበራ አልቆጠርንም። የእሱ ድንኳን ሲተከል ሽቦውን የዘረጋው ሥራውን ከእሱ የተማረ ልጅ ነበር፣ እያለቀሰ ነው የዘረጋው። እናቴ ያን ሁሉ አይታለች። «ሐዘን ቤት ከሰው ቀድሞ የሚገባው መብራት ነው» አለች። «እሱ ነበር የሚያስገባው። እና እኔ ልጆቹን መብራት እንዳያዩ ልከልክል?»

ነገሩ በዚህ አለቀ።

ታኅሣሥ 28 ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አምስታችን ከቤት ወጣን። ብርዱ የታኅሣሥ ብርድ ነው፣ ልጆቹን ሹራብ በሹራብ አደረግናቸው። ከልደታ ጣቢያ ባቡር ተሳፈርን። ቶሎ አልመጣም፣ ሲመጣም ሞልቶ ነበር፣ ግን አንድ ወጣት ተነስቶ እናቴን አስቀመጣት፣ እግዜር ይስጠው። በቪትዝ ስንሄድ አስበነው የማናውቀው ነገር ምን መሰላችሁ? ባቡሩ ከልደታ ወደ ስታዲየም ሲሄድ ከመንገዱ በላይ በድልድይ ላይ ነው የሚሄደው። ከተማው ከታች ይቀራል። ልጄ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ሜክሲኮን፣ ከዚያ ወዲያ ከሰንጋ ተራ በኩል የንግድ ባንኩን ትልቅ ሕንፃ ሲያይ ትንፋሹ መስታወቱን እየሸፈነው፣ እየጠረገ እንደገና ያይ ነበር። ያ ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ነው። ከመኪና መስኮት ጫፉ አይታይም፣ አንገት ይቆለመማል። ከባቡሩ ላይ ግን ከሥር እስከ ጫፍ ታየ። እናቴ ዝም ብላ ስታየው ቆየችና «አባታችሁ የቦንዱን ፍሬ እኮ ሳያይ ሄደ» አለች። አባቴ የህዳሴ ግድብ ቦንድ የገዛው የመሠረት ድንጋዩ በተጣለበት በ2003 ነው፣ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ከቴስተሩ ጋር በዚያ በቆዳ ቦርሳው ነበር የሚያኖረው። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እሱ ካረፈ ሦስተኛ ወሩ ነበር። የዚያን ቀን ቴሌቪዥኑን ከፍተን አላየንም። ባቡሩ ላይ ሆና ነው መጀመሪያ ያነሳችው።

ስታዲየም ወርደን መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ልጆቹ ሲሮጡ፣ እኛ ስናርፍ። ከዚያ ሽቅቡ ለእናቴ ጉልበት ስለማይሆን ሚኒባስ ይዘን አራት ኪሎ ደረስን። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ግን በእግራችን ነው የሄድነው፣ ከሁሉ ያማረኝም ያ ነው። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ በየቦታው መቀመጫ አለ፣ መብራቱም እስከ ፒያሳ ድረስ አይቋረጥም። እናቴ በየመቀመጫው እያረፈች ራስ መኮንን ድልድይን ተሻገረች። በመኪና ሁለት ደቂቃ የሚፈጀውን አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጊዜ ፈጅተን አየነው፣ ልጆቹም እያንዳንዱን ዛፍ ላይ የተጠመጠመ መብራት ቆመው እስኪበቃቸው አዩ።

ፒያሳ ስንደርስ ፈራሁ። አባቴ መብራት ያያያዘላቸው ሱቆች ብዙዎቹ አሁን የሉም። እዚያ አካባቢ በየካቲት 2016 የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ ነው ያለው፣ ትልቅ ነው፣ በማታ ሲበራ ያምራል፣ ግን የልጅነቴን «ይቺ የእኔ ናት» የምፈልግበት መስኮት አጣሁ። እናቴ ናት ያገኘችው። መንገዱ ዳር ቆማ በጣቷ እያሳየች ለልጆቹ ትነግራቸው ጀመር። እዚህ ጋ የጫማ ሱቅ ነበር፣ ቀይና ቢጫ ነው የሰቀለው። እዚያ ጋ ሰዓት የሚጠግኑ ሽማግሌ ነበሩ፣ አንድ መስመር ብቻ ነበር አቅማቸው፣ እሱ ሁለተኛውን ከራሱ ጨመረላቸው። እዚህ ጋ ደግሞ ከመሰላል ወድቆ እጁ ተሰበረ፣ እናታችሁ ያኔ አልተወለደችም። ይህን ታሪክ እኔ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ የመጀመሪያዬ ነው የሰማሁት! ያን ሁሉ ዓመት እናቴ ከፊት ተቀምጣ ሕፃን የታቀፈች ብቻ ይመስለኝ ነበር። እያንዳንዱን ሱቅ፣ እያንዳንዱን ቀለም ይዛው ኖራለች። እቤት ዘግተን ተቀምጠን ቢሆን ይህን አንሰማም ነበር።

ከጊዮርጊስ የማሕሌቱ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ይሰማ ነበር። ነጭ የለበሰ ሰው እየጎረፈ ይገባል። እናቴ ከነጥቁሯ ቆማ ተሳለመች፣ ረጅም ጊዜ አጎንብሳ ቆየች፣ እኛም አልቸኮልንም። ከዚያ ቦምቦሊኖና ሻይ። ከባቡሩ እስከ ሻዩ፣ መመለሻውን ሚኒባስ ጨምሮ፣ ለአምስት ሰው ያወጣነው የአንድ ዶሮ ዋጋ ግማሽ አይሞላም። ይህን የምጽፈው መኪና ስለሸጥን ወይም ነዳጅ ስለተወደደ ዘንድሮ አንወጣም ያላችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው። ከጎረቤቶቼ ውስጥ ሁለቱ እንዲህ ብለው ቀርተዋል።

ሁሉም ነገር ግን ያማረ አልነበረም፣ ሁለት ነገር ልናገር። አንደኛው፣ አንድ ሕንፃ ፊት ቆመን ልጆቹ ሲያዩ ሁለት ሰዓት ሲሆን መብራቱ ጠፋ። ወጪ እንደሆነ ይገባኛል፣ የመብራት ሂሳብ እኛም ቤት ይመጣል። ግን የሕንፃ አስተዳዳሪዎች፣ እባካችሁ፣ በዓመት አንድ ማታ፣ ዋዜማውን ብቻ፣ እስከ አራት ሰዓት አቆዩልን። ሁለተኛው ያሳስበኛል። አንድ ቦታ መንገድ ዳር ዛፍ ላይ የተጠመጠመ መብራት መጋጠሚያው ናስትሮ ሳይጠቀለልበት ሽቦው ራቁቱን አየሁት፣ ያውም በልጄ ቁመት። ጥበቃውን ጠርተን አሳየነው፣ ወዲያው አጠፋው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ልጅ ስለሆንኩ ዓይኔ እዚያ ይሄዳል፣ ሌላው ሰው ግን ላያየው ይችላል። መብራት የምትሰቅሉ ወንድሞች፣ መጋጠሚያውን ከልጅ እጅ በላይ አድርጉት፣ ጠቅልሉት፣ ውጭ የሚሰቀል ከሆነም ለውጭ የተሠራውን ግዙ። ቤታችሁም ውስጥ የገና ዛፉን መብራት አብርታችሁ አትተኙ። አባቴ በየዓመቱ ይህን ሳይል አይተኛም ነበር።

ሐዘን የደረሰበት ጎረቤት ያላችሁ ደግሞ እንዲህ ብታደርጉ ደስ ይለኛል። ለበዓል ድፎ ዳቦ ይዛችሁ ስትሄዱ «ማታ ልጆቹን ይዘን እንውጣ?» በሏቸው። እምቢ ካሉ እሺ ነው፣ ሰው ሐዘኑን በየራሱ ነው የሚይዘው፣ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። እሺ ካሉ ግን አብራችሁ ሂዱ፣ እንደ እናቴ ሰውን ፈርተው የተቀመጡ ይሆናሉ።

ለዚያች ደግ ጎረቤቴም፣ ጋዜጣውን ስለምታነቢ፣ እዚሁ ላይ ልንገርሽ። በሚመጣው ዓመት ታኅሣሥ 28፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል፣ ደረጃው ሥር እንጠብቅሻለን። በ2020 ግን ዮሐንስ ስለሆነ ዋዜማው 27 ነው፣ ከአሁኑ ያዥው።

ያን ማታ ቤት እንደገባን ልጄ የአባቴን የቆዳ ቦርሳ አውርዱልኝ አለ። ከታች አንድ አሮጌ የገና መብራት ተጠቅልሎ ተገኘ፣ ሃያ አምፖል፣ በሲሪስ። ሰካነው፣ አልበራም። ከቦርሳው ኪስ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለሉ አራት መለወጫ አምፖሎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ባለቤቴ ስፒናውን ይነቅላል፣ ልጄ ይተካል፣ ባለቤቴ ይሰካል። ትናንት ማታ አሥራ አንደኛው ላይ ደርሶ እንቅልፍ ወሰደው። ዛሬ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከአሥራ ሁለተኛው ይቀጥላል።

አክባሪያችሁ፣
ከልደታ፣ አዲስ አበባ